ከትሉ በፊት አፈሩን፦ ደብረ ማርቆስ ጓሮ ላይ በእጅ የተማርኩት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በግቢያቸው ጥግ ሁለት ሦስት መደብ አውጥተው ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ የሚያለሙ ሰዎች በዝተዋል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የቀበሌ ስብሰባ ወሬ ሆኗል። እኔም አንዷ ነኝ። ቢሮ የምውል ሠራተኛ ነኝ፤ ግብርና አልተማርኩም፤ ግቢዬም ሰፊ የሚባል አይደለም። በሰፈራችን በተሰጠ የተግባር ሥልጠና ያገኘሁትንና ከዚያ ወዲህ በጓሮዬ የሞከርኩትን ለመሰሎቼ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥልጠናው አዳራሽ አልነበረውም። ፕሮጀክተር የለም፣ አበልም የለም። (አበል እንደሌለ ሲሰሙ የቀሩ ነበሩ።) ባለሙያው አንድ ጎረቤታችን ግቢ ሰበሰበንና አካፋና ዶማ አስያዘን። አብዛኞቻችን ይዘን የመጣነው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ጎመኑን ትል ጨረሰው፣ ምን መድኃኒት እንርጭ?" እሱ ግን የትሉን ነገር ወደ ኋላ ትቶ አፈር አስቆፈረን። መጀመሪያ ላይ ማጉረምረም ነበር። "ኧረ እኛ ቁፋሮ ልንማር ነው እንዴ የመጣነው?" ያለም አልጠፋ።

ምክንያቱ ቀስ እያለ ነው የገባን። ዩሪያ የበዛበት ጎመን ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ጭማቂውም በምግብ ይበለጽጋል፤ ክሽክሽ (ቅጠል ላይ ሰፍሮ ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ነው። ውሃ የሚያቁር መደብ ላይ የቃሪያ ሥር ይበሰብሳል፤ እኛ ግን ቅጠሉ ሲጠወልግ አይተን ውሃ እንጨምርበታለን። በኮምጣጣ አፈር የበቀለ ቀይ ሥር ቅጠሉ ይቀላል፣ ሥሩ ሳይወፍር ይቀራል፤ እኛ በሽታ ነው ብለን መርጫ እናነሳለን። ጓሮ ላይ በሽታና ተባይ ከምንለው ውስጥ ብዙው አፈር ላይ የጀመረ ነው። እኔ እንግዲህ ይህን ከተማርኩ ወዲህ መርጫ ያነሳሁባቸው ጊዜያት በጣም ጥቂት ናቸው።

መጀመሪያ ያሳየን የአንድ አካፋ ምርመራ ነው። ቁመቱም ስፋቱም 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አፈር ሳይፈርስ ታወጡና ጆንያ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ በእጅ መፈረካከስ ነው። ይሽተት፤ ዝናብ የነካው መሬት ዓይነት ሽታ ካለው ደግ ነው፣ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል። የመሬት ትል (ጎመን የሚበላው ሳይሆን አፈር የሚያለማው) ይቆጠር። ሥሩ የት ድረስ እንደወረደ ይታይ። የእኔን ጓሮ ስቆፍር ከላይ አራት ጣት ያህል ልቅ የሆነ ጠቆር ያለ አፈር ነበረ፤ ከሥሩ ዶማ የሚያነጥር ቀይ ድርቅ። የጎመኑ ዋና ሥር እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ታጥፏል። ቤቱ ሲሠራ አሸዋና ድንጋይ የጫነ መኪና የቆመው እዚያ ላይ ነበር፤ መሬቱ ተረግጦ ደድሯል። ያንን በዶማ አላቅቄ ኮምፖስት ሳስገባበት ጎመኑ ያለ አንዳች መድኃኒት ሌላ ጎመን ሆነ።

ሁለተኛው የሃይላንድ ሙከራ ነው። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ሲሶውን አፈር ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጣል አድርጉና በደንብ በጥብጣችሁ አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል። ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ሸክላው እስከ ማግስቱም ከዚያም በላይ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ውሃው ሲጠራ ሦስቱን እርከን በጎን በኩል ታዩታላችሁ። ሸክላው ከግማሽ በላይ ከሆነ አፈሩ እርጥብ ሳለ አትርገጡት፣ አትቆፍሩትም፤ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል።

ሌላው ደግሞ ከሁሉም የወደድኩት ነው። የደረቀ ጓል አፈር ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ፈርሶ ጭቃ ከሆነ ብስባሽ አጥቷል ማለት ነው። ቅርጹን ይዞ ከቆየ ጤነኛ ነው። አንዷ ጎረቤታችን ሁለት ጓል ይዘው መጡ፤ አንዱን ከድሮው የነጭ ሽንኩርት መደባቸው፣ ሌላውን ከአጥሩ ሥር። የአጥሩ ገና ውሃ ሲነካው ተበተነ። የሽንኩርቱ ግን ጥለነው ሄደን ቡና እስክንጠጣ እንዳለ ነበር። "እናቴ ከምድጃዋ አመድ፣ ከበረቱ ጥራጊ የምትደፋው እዚያ ነበር፤ እኔም እንደሷ ነው የማደርገው" አሉ። ባለሙያው "እማማ፣ እንግዲህ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቢያስተምሩ ይሻላል" ብሎ ሳቀ። ገጠርም ሄዳችሁ ብታዩ ከቤት አጠገብ ያለው የጓሮ መሬት ከራቀው ማሳ ይጠቁራል፤ ለዘመናት አመድና አዛባ የተደፋበት ነውና።

አሁን ወደ ኮምጣጣው ነገር ልምጣ፤ በእኛ አገር ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዝናቧም ብዙ ነው። ለዘመናት የወረደ ክረምት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ይወስዳል፤ አፈሩ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ከማርቆስ ወደ አማኑኤል፣ ደምበጫና ቡሬ የሚዘልቀው ቀይ አፈር በአብዛኛው የዚህ ችግር ተጠቂ ነው። ከደጀን እስከ ቢቸና ያለው ጥቁር መረሬ ሌላ ጠባይ አለው፤ እዚያ ሰው የሚቸገረው በሚያቁር ውሃ ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ የሌላውን መፍትሔ አትቅዱ።

የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል። ፎስፈረሱም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ የገዛችሁትን ማዳበሪያ ተክሉ አያገኘውም። ድንች ይህን በመጠኑ ይችላል። ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት ግን ቶሎ ያኮርፋሉ። ድንቹ አምሮ ቀይ ሥሩ እምቢ ካላችሁ ከመርጫ በፊት ይህን ጠርጥሩ። ዩሪያ በየጊዜው መጨመር ደግሞ አፈሩን ይበልጥ ያኮመጥጠዋል።

ማረጋገጫው ምርመራ ነው። ባሕር ዳር የአፈር ላቦራቶሪ አለ፤ የወረዳና የከተማ ግብርና ባለሙያዎች ናሙና እንዴት እንደሚላክ ይነግሯችኋል። ናሙናው ከአንድ ቦታ አይወሰድም። ከመደቡ አምስት ስድስት ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅሉ፤ ጥላ ላይ አድርቁትና ግማሽ ኪሎ ያህል ውሰዱ። የዛገ ባልዲና የማዳበሪያ ጆንያ አትጠቀሙ፣ ውጤቱን ያዛቡታል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የሚረጨው መጠን እንደ ምርመራው ውጤት ይለያያል። ስሌቱ እንዳያስፈራችሁ፦ "በሄክታር አንድ ቶን" ከተባላችሁ በካሬ ሜትር 100 ግራም ማለት ነው። ሁለት ቶን 200 ግራም፣ ሦስት ቶን 300 ግራም። በመደባችሁ ስፋት አባዙት፣ አለቀ። ኖራው ከመትከል ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር በደንብ ይደባለቅ። ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አትጨምሩት፤ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ሽታው ራሱ ይነግራችኋል።

ኖራ ካጣችሁ የእንጨት አመድ ይረዳል፣ ኃይሉ ግን ከኖራ ያነሰ ነው። በካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል በዓመት አንዴ ይበቃል። ፌስታል፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ ወይም የታተመ ካርቶን የተቃጠለበትን አመድ አታስገቡ። የድንች መደብ ላይም አትድፉት፤ ድንቹን ቅርፊታም ያደርገዋል።

የከተማ አፈር ግን አንድ ተንኮል አለው። የእኔ መደብ ቀይና ኮምጣጣ ነው፤ ከቤቱ ግድግዳ ሥር አንድ እርምጃ ያህል ስፋት ያለው ቦታ ግን ተቃራኒው ነው። እዚያ የተከልኩት ሰላጣ አዲስ ቅጠሉ ቢጫ፣ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀር ነበር። ባለሙያው በጣቱ ቆፈር ቆፈር አድርጎ የሲሚንቶ ፍርፋሪና የጂብሰም ቁራጭ እያወጣ አሳየን። ሲሚንቶ ያለበት የግንባታ ትርፍራፊ አፈሩን አልካላይን (የኮምጣጣ ተቃራኒ) ያደርገዋል፤ ተክሉ ብረት ማግኘት ያቅተዋል። እዚያ ላይ ኖራ ወይም አመድ መጨመር በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ያንን ጠርዝ አሁን አበባ ተክዬበታለሁ፤ ሰላጣውን ወደ መሃል አመጣሁት። ጋራዥ የነበረበት፣ ባትሪ የተጣለበት ወይም የመኪና ዘይት የሚፈስበት ግቢ ካላችሁ ደግሞ ቅጠላ ቅጠል መሬቱ ላይ አትትከሉ። ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ጆንያ ሙሉ፣ እዚያ ላይ ትከሉ።

ኮምፖስትን ብዙ ሰው ስላወራበት እኔ አላረዝመውም። አንድ እጅ እርጥብ ነገር (የአትክልት ልጣጭ፣ አዛባ)፣ ሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ነገር (የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል)። ጭድ ለከብትም ለጭቃ ቤትም ስለሚፈለግ ርካሽ አይደለም፤ ከእህል በረንዳ የሚጠረገውን ብለምን ማንም አይከለክለኝም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙበት፣ ቶሎ አይበሰብስም። የአረቄና የጠላ አተላ በማርቆስ ሞልቷል፤ ከብት ካላችሁ ለከብት፣ ከሌላችሁ ግን ጥቂት በጥቂቱ ከብዙ ጭድ ጋር ቀላቅሉት። ብቻውን ከከመራችሁት ይኮመጥጣል፣ ዝንብ ይወርሳችኋል።

ሁለት መፈተኛ ብቻ ልብ በሉ። አንድ፣ እፍኝ አንስታችሁ ጨምቁ። ጠብታ ወይም ሁለት ጠብታ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል። ሁለት፣ ረጅም እንጨት መሃሉ ድረስ ሰክታችሁ ተዉትና በኋላ ነቅላችሁ ዳብሱት። ትኩስና እርጥብ ከሆነ እየሠራ ነው። ትኩስና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ አየር አጥቷል፣ አገላብጡት። የዶሮ ኩስ ሳይበስል መደብ ላይ አታስገቡ፤ ችግኝ ያቃጥላል።

አሁን ትሉ።

ጠዋት ተነስታችሁ ትናንት የተከላችሁት የጎመን ችግኝ ከአንገቱ በመቀስ እንደተቆረጠ ተጋድሞ ካገኛችሁት፣ ቆራጭ ትል ነው። አትርጩ። በጣታችሁ ከችግኙ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር አድርጉ። ግራጫማ፣ ወፍራም፣ ስትነኩት የሚጠቀለል ትል ታገኛላችሁ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይሠራል። በባትሪ መብራት ማታ ወጥቶ መልቀም ይቻላል፤ ልጆች ይወዱታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሃይላንዱን አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ቀለበት ቆርጦ ችግኙን ማጥለቅና ከታች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ አፈር መስደድ ነው። ትሉ ቀለበቱን አይወጣም። ግንዱ ሲጠነክር ታወጡታላችሁ፣ ለከርሞም ያገለግላል። መደቡን ከመትከላችሁ በፊት ቆፍራችሁ ዶሮዎቹን ለጥቂት ቀን ብትለቁበትም ሥራውን እነሱ ይጀምሩላችኋል። ከተከላችሁ በኋላ ግን ዶሮ ጠላት ናት።

ክሽክሽ ደግሞ የጎመን ቅጠል ሆድ ላይ አመድ እንደተነሰነሰ ሆኖ የሚታየው ነው። እዚህ ላይ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ አስተሳሰቤን የቀየረው እሱ ነውና። ከግራጫዎቹ መሃል አንዳንዶቹ አብጠው፣ ደርቀው፣ ቡናማ ወርቃማ ሆነዋል፤ አይንቀሳቀሱም። አንዳንዱ ጀርባው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለው። ያንን ያደረገችው በዓይን ለማየት የምታስቸግር ትንሽ ተርብ ናት። ክሽክሹ ሆድ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ እጩ ውስጥ ውስጡን በልቶት ሲጨርስ ተርብ ሆኖ በቀዳዳው ይወጣል። አጠገባቸው ክሽክሽ የምትበላ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛም ትኖራለች። የሷ እጭ ግን አያምርም፤ ጥቁርና ሻካራ ነው፣ ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቀዋል። መርዝ ስትረጩ እነዚህም ይሞታሉ። ክሽክሹ ቶሎ ይመለሳል፣ ጠባቂዎቹ ግን ይዘገያሉ። "ከረጨሁ በኋላ ባሰ" የሚሉት ሰዎች አልዋሹም።

ስለዚህ የደረቁና የተቀደዱ ክሽክሾች ብዙ ካየሁ አልነካቸውም። ጥቂት ከሆኑ በጣቴ እጨፈልቃለሁ ወይም በውሃ ግፊት አጥባለሁ። ሲብስ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጬ ማታ ላይ የቅጠሉን ሆድ በደንብ አርሳለሁ። ሳሙናው የሚሠራው የነካውን ብቻ ነው፤ ከላይ ከላይ መርጨት ከንቱ ነው። በፀሐይ አትርጩ፣ መጀመሪያም ሁለት ቅጠል ላይ ሞክሩት። የነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ብጥብጡ? ሰው ከሚያወራለት ያንሳል። እኔ ጓሮ ላይ ለጥቂት ቀን ያርቃል፣ ከዚያ ዝናብ ይወስደዋል።

ሌላው ትንሽ አረንጓዴ ትል ነው። ስትነኩት እንደ እብድ እየተወራጨ በድር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። የቅጠሉን ሥጋ በልቶ ስስ ሽፋን እንደ መስኮት ይተዋል። ይህ ለተለመዱት መርዞች የተላመደ በመሆኑ የታወቀ ነው። ጎመን ላይ ጎመን አለመትከል፣ ከእሱ ቀጥሎ ካሮት ወይም ሽንኩርት ማዞር፣ ያለቀውን የጎመን አገዳ ቆሞ እንዲቆይ አለመተው ይረዳል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም የእሳት እራት ትልም ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ አገራችን የገባ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ መንገድ እየሠራ ይበላል። የተበላውን ቅጠልና ፍሬ ቁረጡ፣ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት። ኮምፖስት ውስጥ ግን አታስገቡ። የእሳት እራቱ አጥር ስለማያግደው ከጎረቤት ጋር ብትስማሙ ነው የሚሻለው።

ድንች ላይ አንድ ነገር አሳይቼ ልለፍ። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ይነሳል፣ ከዚያ ጭራሽ አይነሳም። ውሃ ጠምቶት ነው ወይስ በሽታ? ግንዱን ከታች በስለት ቁረጡትና ጥርት ያለ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን አንጠልጥሉት። አታነቃንቁት። ባክቴሪያ አጠውልግ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ብርጭቆውን ከበን ቆመን ክሩ ሲወርድ ስናይ ዝም ነው ያልነው። መድኃኒት የለውም። ከነአፈሩ ነቅሎ ከግቢ ማራቅ፣ ዶማውን በበረኪና ማጠብ፣ እዚያ መደብ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ድንችም ቲማቲምም ቃሪያም አለመትከል። በሽታው ከሁሉ በላይ የሚገባው በዘር ድንች ነው፤ ከገበያ የሚበላ ድንች ገዝቶ መትከል ርካሽ ይመስላል እንጂ መደቡን ያስበላል።

ኬሚካል ጨርሶ አትንኩ አልልም። በክረምት የድንችና የቲማቲም ምች ሲመጣ፣ ቅጠሉ ላይ ጥቁር እርጥብ ነጠብጣብ፣ ጠዋት በቅጠሉ ሆድ ነጭ ሻጋታ ስታዩ፣ ጊዜ የለም። ግን በሃይላንድ የተቀዳ፣ ጽሑፍ የሌለው ፈሳሽ ከማንም አትግዙ። ዋናው ጠርሙስ ላይ ያለውን የቀለም መስመር እዩ፤ ቀይ በጣም አደገኛ ነው፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ከተረጨ በኋላ እስከ መልቀም ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ይጻፍበታል። በየቀኑ የሚቀነጠስ ጎመንና ቆስጣ ላይ ይህን መጠበቅ ስለማይቻል፣ እኔ ቅጠላ ቅጠል ላይ አልረጭም።

የቀረው ፍልፈል ነው። ለእሱ ሳሙናም ተርብም አይሠራም። ድንቹን ከሥር በልቶ ቅጠሉን ቆሞ ይተውላችኋል፤ ስትስቡት ባዶ ይመጣል። ጉድጓዱን ከከፈታችሁበት ሊደፍነው ይመለሳል፤ ወጥመድ የሚያውቅ ሰው የሚይዘው ያኔ ነው። እኔ አዲስ መደብ ሳወጣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሽቦ መረብ ከሥሩ አነጥፋለሁ፣ ከላዩ ሁለት ስንዝር ያህል አፈር እሞላለሁ። መረቡን ስታነጥፉ ጠርዙን ወደ ላይ እጠፉት፣ ከመሬቱም ጥቂት ይውጣ፤ አለዚያ በጎን ይገባል።